ቃላቸው እስኪደርስ

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቷል፤ ጉሙ ግን ከደብረ ማርቆስ ጣሪያዎች ላይ ገና አልተነሣም። ነፃ የሕግ ድጋፍ የምንሰጥባት ክፍል መስኮቷ ወደ ባሕር ዛፎቹ ነው የሚከፈተው። በክረምት ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ አይታዩም፤ ግንዶቻቸው ከመሬት የበቀሉ ሳይሆን ከደመና የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። እነሱን እያየሁ ሳለሁ በሩ ተንኳኳና ሁለት ሴቶች ገቡ።

ፊት የገባችው ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ጥቁር ሻርፕ በራሷ ላይ የጣለች ነጋዴ ናት። አማኑኤል ከተማ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ የልብስ ሱቅ እንዳላት ገና ሳትቀመጥ ነገረችኝ። ከኋላዋ በዱላ እየተደገፉ የገቡት አከራይዋ ናቸው፤ አምሳ ዓመት ሊሞላቸው የቀረበ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን በጥንቃቄ ያጣፉ ሴት። ከተወለዱ ጀምሮ ሰውነታቸው በፈለጉት ጊዜ አይታዘዝላቸውም። እግራቸውን ሲያነሡ ትከሻቸው አብሮ ይነሣል። ሊናገሩ ሲሉ ፊታቸው፣ አንገታቸው፣ ቀኝ እጃቸው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

ጉዳዩን የነገረችኝ ነጋዴዋ ናት። የሴትየዋ እናት ባለፈው ዓመት ሞተዋል። ቤቱን፣ ማለትም የፊት ለፊቱን ሱቅና የጓሮውን ክፍል፣ አብረዋቸው ለኖሩት ልጃቸው ተናዝዘውላቸዋል። አሁን ደምበጫ የሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው ለፍርድ ቤት አመልክተዋል፦ እህቴ ራሷን ማስተዳደር ስለማትችል በፍርድ ትከልከልና እኔ ሞግዚቷ ልሁን፣ ቤቱን ሸጬ እኔ ጋ ትኑር ብለው። ማመልከቻው ከተፈቀደ ሴትየዋ ከዚያ ቀን በኋላ በቤታቸውም ሆነ በራሳቸው ላይ የሚፈርሙት ነገር አይኖርም።

ወደ ሴትየዋ ዞሬ እርስዎስ ምን ይፈልጋሉ ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ የመጣው አሁንም ከነጋዴዋ ነው።

“እኔን ጠይቂኝ፣ እህቴ። እኔ አፋቸው ነኝ፤ ወላሂ ያላሰቡትን ሁሉ ሳይቀር አውቅላቸዋለሁ።”

ሴትየዋ ሳቁ። ሳቃቸው ከቃላቸው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ቀኝ እጃቸው ተነሣ፣ አንገታቸው ወደ መስኮቱ ዞሮ ተመለሰ፣ ከዚያም ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው መንገድ እንደመጣ ሁሉ፣ እንዲህ አሉ፦

“አፍ አለኝ። የሚዘገይ ነው እንጂ።”

በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ብዙ ነገር አለ፤ አካል ጉዳት ያለበት ሰው በሕግ ፊት እንደማንኛውም ሰው እኩል መሆኑን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወንበሬን ወዴት እንደማዞር ግን የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ ራሳቸውን ጠየቅኋቸው። እሷ ብታስረዳኝ ይሻላል ወይስ እኔ እርስዎን ብጠብቅ?

“ጠብቂ” አሉ።

ጠበቅሁ። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ከባሕር ዛፉ ቅጠል የሚወርደው ጠብታ አልፎ አልፎ ይሰማል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር ስለማልወድ ዝምታ አይከብደኝም፤ ነጋዴዋ ግን ተሠቃየች። ሴትየዋ አንድ ዓረፍተ ነገር በጀመሩ ቁጥር ጫፉን ይዛ ልትሮጥ ትነሣለች፤ ከዚያ ትዝ ሲላት በሻርፗ አፏን ትሸፍናለች። ክፋት አልነበረባትም። እኛ አገር የሚንተባተብ ወይም የሚዘገይ ሰው ሲያወራ ቀሪውን መጨረስ ማገዝ ነው፤ ሸክም የበዛበትን ሰው አይቶ ዝም ብሎ እንደማለፍ እንዳይቆጠርብን ሁላችንም እናደርገዋለን። ያን ጠዋት ግን ሴትየዋ ዓረፍተ ነገሮቻቸውን ራሳቸው ጨረሷቸው። ሲወጡ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ለእኔ ግን አንድ ረጅም ትንፋሽ ይመስለኛል።

የፈለጉት ነገር ቀላል ነው። ቤታቸው ውስጥ መኖር፣ ሱቁን ለማን እንደሚያከራዩ ራሳቸው መወሰን፣ ከወንድማቸው ጋር ደግሞ አለመጣላት። ሦስተኛውን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለማመልከቻው መልስ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። ሁላችንም እንደምንጽፈው ነበር የጻፍኩት። “ተጠሪዋ ምንም እንኳ እጅግ በሚያሳዝን የጤና እክል ውስጥ የሚገኙ ምስኪን ሴት ቢሆኑም” የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

“ይቺ... ማን ናት?”

ነጋዴዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ውጭ ወጣች። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ያቺን የማላውቃትን ሴት ከመልሱ ውስጥ አወጣኋት፤ በቦታዋ ቤት የሚያከራዩ፣ ግብራቸውን ራሳቸው ሄደው የሚከፍሉ፣ ሲታመሙ ማንን እንደሚጠሩ የሚያውቁ ሴት ገቡ። መልሱ አጠረ፤ ግን እሳቸውን መሰለ።

ከዚያ የቀረው ትልቁ ጥያቄ ችሎት ፊት ይናገሩ ወይስ አይናገሩ የሚለው ነበር። ዳኛው ሴትየዋን በዓይናቸው ሳያዩ ክልከላ እንዳይወስኑ ሕጉ ስለሚያዝ መቅረባቸው አይቀርም። በክፍላችን ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ጠበቃ መልሱን አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። በእሳቸው ሐሳብ ሴትየዋ ይታዩ እንጂ አፋቸውን አይክፈቱ። ዳኛው ያን ሁሉ ትግል ካዩ ወንድምየው ልክ ናቸው ይላሉ፤ ቤቱም ያኔ አለቀለት። በእሳቸው ፈንታ እኔ ልናገር፣ የዳኛውን አንጀት በሚበላ መንገድ ልጨርሰው፣ በዚህ ሥራ የሚያሸንፈው እሱ ነው። ከተንኮል አልነበረም፤ ስንት ጉዳይ በዚያ መንገድ አሸንፈዋል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደተባልኩት አደርግ ነበር። ነገር ግን አደጋው የእኔ ሳይሆን የሴትየዋ ነው፤ ቤቱም የእሳቸው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ አማኑኤል ሄጄ የጓሮው ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቃው ያሉትን ሁሉ ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ቢናገሩ ልናጣው እንደምንችልም ነገርኳቸው። መንገዱ ላይ አይሱዙ ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ከበፊቱ ይበልጥ ጥልቅ ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ብዙ ቆዩ። እያሰቡ ይሁን ቃሉን እየጠሩት ይሁን መለየት አልቻልኩም፤ ለመለየትም አልሞከርኩም።

“እናገራለሁ” አሉ በመጨረሻ። ቀጥለው ደግሞ፣ በሌላ ረጅም ጊዜ፣ “እኔ ቀስ ብዬም ቢሆን እናገራለሁ። አንቺ ነሽ የማትናገሪው።”

ልክ ነበሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ በችሎት የተናገርኩት ሁሉ በወረቀት ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። አፍሬ አቀረቀርኩ።

የእኛ ቀጠሮ የዋለው በሐምሌ የመጨረሻ ሳምንት፣ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ሲል ነው። በዚያ ሳምንት ዳኞች እንደሚቸኩሉ ሁሉም ያውቃል። ያን ቀን ደግሞ መብራት ጠፍቷል፤ የድምፅ መቅጃው አይሠራም። ዳኛው ጠረጴዛቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው በእጃቸው ይጽፋሉ። ግራጫው ብርሃን ወረቀታቸው ላይ ብቻ የሚያርፍ ይመስላል፤ እኛ ሌሎቻችን፣ በእርጥብ ጋቢና በእርጥብ ጃንጥላ ተጠጋግተን፣ ከውኃ በታች ያለን እንመስል ነበር። ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ደንበኛዬ ተቀምጠው እንዲናገሩ ጠይቄ ስለነበር ከፊት አንድ ወንበር ተቀምጧል። ቦታውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ለዳኛው ፊት ለፊት እንጂ በእኔ ኋላ አይሁን ብለው።

ከእኛ በፊት የነበረው የድንበር ክርክር ነው። አንድ ገበሬ ቃሉን እንደ በረዶ ያወርደዋል። ዳኛው ብዕራቸውን አንሥተው አዩት።

“ቀስ በል እንጂ፣ ሰውዬ። እጄ አንድ ነው።”

“ጌታዬ፣ ቀስ ካልኩ ንዴቴ ይበርድብኛል” አለ ገበሬው። ችሎቱ ሳቀ፤ ዳኛውም። ከእሱ በኋላ የመጣችውን ሴትም፣ ከእሷ በኋላ የመጡትን ሽማግሌም እንዲሁ ቀስ በሉ ሲሉ ሰማሁ። ብዕራቸው ወረቀቱ ላይ ሲጭር እየሰማሁ፣ እንቅልፍ ሊወስደው እንደደረሰ ሰው፣ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ግን ገና ቅርጽ አልነበረውም።

የእኛ ተራ ደረሰና ወንድምየው ተነሡ። ትልቅ ሰውነት ያላቸው፣ ካፖርታቸው የረጠበ፣ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው። ክፉ ሰው ጠብቄ ነበር፤ አልነበሩም። ቤቱን እንደማይፈልጉት፣ የሚፈልጉት እህታቸውን እንደሆነ ተናገሩ። ባለፈው ክረምት እህታቸው ደጃፍ ላይ ወድቀው እግራቸው አብጦ እንደነበር፣ እሳቸው ደምበጫ ሆነው የሰሙት ከሦስት ቀን በኋላ እንደሆነ አስረዱ። ድምፃቸው እየተቆራረጠ ነበር። እናቴ አደራ ብላኛለች ሲሉ ወደ ወንበሩ አላዩም።

ዳኛው ወደ ደንበኛዬ ዞሩ። ድምፃቸውን እንደ ሕፃን ማባበያ አለሰለሱት።

“ወንድምሽ ያለውን ሰምተሻል? ብቻሽን መኖር ትችያለሽ?”

ሴትየዋ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። እጃቸው ተነሣ፣ አንገታቸው ዞረ። “የወደቅሁ ቀን...” አሉና ቃሉ በመንገድ ቆመ።

“ብትጮህ የሚሰማት ሰው አልነበረም፣ ጌታዬ” አሉ ወንድምየው ቀድመዋቸው።

“እኔ ደርሻለሁ! ወዲያው ነው የደረስኩት!” አለች ነጋዴዋ ከኋላ። የችሎት አስከባሪው ዝም አሰኛት። አንዲት የማላውቃት ሴት ከንፈሯን መጠጠች፤ ሌላዋ ምስኪን አለች። የሁሉም ሰው ደግነት በአንድ ጊዜ በዚያች ወንበር ላይ ወረደ። ዳኛው አቀርቅረው መጻፍ ጀመሩ፤ የሚጽፉት ደግሞ ወንድምየው የጨረሱትን ዓረፍተ ነገር ነው። ሴትየዋ ያን ብዕር አዩት። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ሚኒባሱ ሲያመልጠው ቆሞ እንደሚያይ ሰው ነበሩ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም። ድምፄ ከሩቅ የመጣ ነበር።

“ክቡር ፍርድ ቤት፣ የተጻፈው የደንበኛዬ ቃል አይደለም።”

ዳኛው ቀና አሉ። ዛሬ ስንት ቀጠሮ እንዳለባቸው አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አውቃለሁ አልኩ። ታዲያ እሳቸው እስኪጨርሱ እንዴት ይሆናል አሉኝ። ያ ቅርጽ ያጣው ሐሳብ በዚያች ቅጽበት ቅርጹን አገኘ።

“ክቡር ፍርድ ቤት ከጠዋት ጀምሮ ሁሉንም ቀስ በሉ ሲል ሰምቻለሁ። ደንበኛዬ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ከብዕሩ አይቀድሙም፤ ሰው ካልገባባቸው ደግሞ ከብዕሩ ብዙ አይዘገዩም።”

ዝናቡ ጣሪያው ላይ እንደገና ጀመረ። ዳኛው ብዕራቸውን አዩ፣ ወንበሩን አዩ፤ ከዚያ የጻፉትን መስመር ሰረዙት።

“ከአሁን በኋላ ማንም እንዳይናገር” አሉ። ወደ ሴትየዋም ዞረው፣ “ይንገሩኝ። እየጻፍኩ ነው።”

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው የእውነት ይሁን ያለምኩት ይሁን እስከ ዛሬ ይምታታብኛል። ቃል ይመጣል፤ ብዕሩ ይጭራል። ብዕሩ ይቆማል፤ ቀጣዩ ቃል እየመጣ ነው። ሰው በሞላበት በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም። የሚያስነጥስ እንኳ ወደ ውጭ ወጣ። ሁለቱ፣ ሴትየዋና ዳኛው፣ አንድ ክር ከሁለት ጫፍ የያዙ ይመስሉ ነበር፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይስባል።

የተናገሩት ይህ ነው፦

“የወደቅሁ ቀን ልጅቷ ደርሳልኛለች። የወደቅሁት በራሴ ቤት ነው። ወንድሜ ጋ ብሄድም እወድቃለሁ፤ እዚያ ግን የምወድቀው በሰው ቤት ነው። ወንድሜን እወደዋለሁ። ሲፈልግ ይምጣ፤ ስፈልግ እሄዳለሁ። ቤቴ በእኔ እጅ እንዲቆይ እፈልጋለሁ።”

ዳኛው ሲጨርሱ የጻፉትን ጮክ ብለው አነበቡ። ሁሉም ልክ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን፣ እጃቸው ከዓመታት ልማድ የተነሣ፣ “ቤቴ በእኔ እጅ እንዲቆይ ፍርድ ቤቱን በትሕትና እለምናለሁ” ብሎ ጽፏል። አቤቱታ ሁሉ የሚያልቀው እንዲያ ነው፤ እኔም ብሆን እንዲያ ነበር የምጽፈው።

ሴትየዋ እጃቸውን አነሡ። ዳኛው ጠበቁ። እኛም ጠበቅን።

“አልለመንኩም” አሉ።

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀና ዝም አለ። ዳኛው አልሳቁም። እውነትዎን ነው አሉ፤ ሰርዘው “እፈልጋለሁ” ብለው ጻፉ፣ ከጎኑም ፈረሙበት።

ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ተነበበ። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ዳኛው የሰጡት ምክንያት አጭር ነው፦ አመልካቹ ቀስ ብሎ መናገርን አለመቻል አድርገው ቆጥረውታል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ጠይቆ መልስ አግኝቷል። ቤቱ የሴትየዋ ነው፤ የሚያስተዳድሩትም እሳቸው ናቸው።

ውጭ ስንወጣ ነጋዴዋ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልሐምዱሊላህ እያለች ወዘወዘችኝ። ወንድምየው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ብቻቸውን ቆመው ነበር። ካፖርታቸው ላይ ውኃ ይንጠባጠብባቸዋል፤ እሳቸው ግን አልተነቃነቁም። ሴትየዋ በዱላቸው እየተደገፉ ወደ እሳቸው ሄዱ። ልደግፋቸው ብዬ አንድ እርምጃ ሄጄ ተመለስኩ፤ አልጠሩኝም። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። ያየሁት ወንድምየው ብዙ ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ሲቆሙ፣ ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ሲዘጉ ነው። በመጨረሻ “እሺ፣ እታለም” ሲሉ ሰማሁ። ሦስቱ አብረው ወደ መናኸሪያ ሄዱ፤ የውሳኔውን ግልባጭ ጠዋት መጥቼ እንድወስድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ነገረኝ።

በማግስቱ ማለዳ ግልባጩን ተቀበልኩ። ማኅተሙ ገና አልደረቀም። በላስቲክ ጠቅልዬ ሹራቤ ውስጥ አደረግሁትና ወደ አማኑኤል በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ እየነዳ ከፊታችን ፈረሶች፣ ጃንጥላዎች፣ የገብስ ማሳዎች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ይጠፋሉ።

ሱቁ ተከፍቷል፤ የጓሮው በር ግን ተቆልፏል። ነጋዴዋ ጨርቅ እያጠፈች ሳቀችብኝ።

“ትናንት ከሚኒባሱ የወረድኩት እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው ከወንድማቸው ጋር ወደ ደምበጫ ቀጠሉ። እስከ እሑድ ነው አሉ፤ የወንድማቸው ልጆች ዓይን ናፍቋቸዋል።”

“ማን ነው እንሂድ ያለው?”

“ራሳቸው ናቸዋ! ሰውየውማ ደንግጦ ሁለት መቀመጫ ያዘላቸው።” እጇን ዘረጋች። “ወረቀቱን ስጪኝ፤ እሑድ ሲመጡ እሰጣቸዋለሁ። በዚህ ዝናብ ምን ያንከራትትሻል?”

አውቃለሁ፣ ከሳጥኗ ሥር አድርጋ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀው ነበር። አመሰገንኳት። ከዚያ፣ ከልማዴ ውጪ በሐሳቤ ብዙ ሳልመላለስ፣ ይህ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ወረቀት እንዳልሆነ ነገርኳት። ተከፋች መሰለኝ፤ ወዲያው ግን አንድ ላስቲክ አምጥታ ደርባ ጠቀለለችልኝ።

መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩ። ወደ ደምበጫ የሚሄደው ሚኒባስ ከጉሙ ውስጥ ሲወጣ እጄን ዘረጋሁና ተሳፈርኩ።